ተመርቀው ወደ ቤት ስለተመለሱት ልጆቻችን
(ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ ዕድር ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበሩ የዕድራችን ዳኛ፣ የተከበራችሁ አባላት፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ? አሰላሙ ዓለይኩም።

ዛሬ የምናገረው ተምረው፣ ተመርቀው፣ ወደ እናት አባታቸው ቤት ስለተመለሱ ልጆቻችን ነው። እንዲህ ያለ ልጅ የሌለበት ቤት በመካከላችን ጥቂት ነው። ሆኖም አንዳችን ለሌላችን አናወራውም፤ እንደ ነውር ይዘነዋል። ነውር አይደለም።

እስቲ ልጁ እንዴት እንደወጣ እናስታውስ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሲጨርስ ምደባ መጣ፤ አንዱ አርባ ምንጭ፣ አንዷ ጎንደር፣ ሌላው ጅማ ደረሳቸው። ብርድ ለማያውቅ የድሬ ልጅ ወፍራም ብርድ ልብስ ገዝተን አሳፈርነው። እዚያም ከማያውቃቸው ልጆች ጋር መኖርን፣ ገንዘብ ማብቃቃትን፣ ታሞ ብቻውን ሐኪም ቤት መሄድን ተማረ። ሲመረቅ ጋዋን ለብሶ የተነሣውን ፎቶ ሳሎን ሰቀልነው። እሱ ግን ከፎቶው ሥር ፍራሽ አንጥፎ ከታናናሾቹ ጋር ይተኛል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ። ትምህርቱን ጨርሶ ፈተናው ያልተሳካለት ልጅ ዲግሪውን ሳይዝ ይመለሳል፤ እንደገና እስኪፈተንም ከሰው ይሸሸጋል።

እኛ በወጣትነታችን ሌላ ከተማ ነበር የምናውቀው። ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት፤ ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1902 እዚህ ሲደርስ ነው የተቆረቆረችው። በባቡሩ ወርክሾፕና በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ብዙ ትምህርት ያልዘለቀ ወጣት ሙያ ይለምድ ነበር፤ ደመወዝ ይቆርጥና ጎጆ ይወጣ ነበር። አሮጌው ባቡር ቆመ። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ መልካ ጀብዱ ነው፤ የአሮጌውን ባቡር ጣቢያ ሰፈር፣ ለገሃሬን፣ ሞልቶ የነበረውን ያን ሁሉ ሠራተኛ አልመለሰውም። ይህን የማነሣው የድሮውን ለማወደስ አይደለም። «እኔ በአንተ ዕድሜ ሦስት ልጅ አሳድግ ነበር» ስንላቸው በሌለ መንገድ ሂዱ እያልናቸው ስለሆነ ነው። ብዙዎቻችንስ ቢሆን በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ከተወረሱት ቤቶች ገብተን በቀበሌ ኪራይ አይደለም እንዴ ልጅ ያሳደግነው? የዛሬው ልጅ ያ ዕድል የለውም፤ ከግለሰብ ነው የሚከራየው።

ሕጉም ወላጅና ልጅን አልለያየም። ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በወላጅና በልጅ መካከል አንዱ ለሌላው ቀለብ የመስጠት ግዴታ አኑሯል፤ ጠያቂው የተቸገረና ሠርቶ መኖር የማይችል ሲሆን ማለት ነው። ግዴታው ወዲህም ወዲያም ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን የሴቶች ልጆቻችን ነገር ነው። ወንዱ ሲመለስ እንግዳ ይሆናል፤ ሴቷ ስትመለስ ሠራተኛ ትሆናለች። እሱ እስከ ረፋድ ተኝቶ፣ ምሳው ቀርቦለት፣ ከሰዓት በኋላ ወደ በርጫው ይሄዳል። እሷ በምህንድስና ተመርቃ ትጋግራለች፣ ታጥባለች፣ አያቷን ታስታምማለች፤ ሥራ ፈት የሚላትም የለም፣ ሥራ መፈለጊያ ጊዜ የሚሰጣትም የለም። ማስታወቂያ ለማየት ልውጣ ስትል «ማን ቤት ይጠብቅ?» ትባላለች። ዓመት ሲሞላት ደግሞ «ለምን አታገባም?» ይመጣል። እናቶች፣ እባካችሁ፣ የ25 ዓመት ወንድ ልጅ ልብሱን ይጠብ፤ ገበያ ወርዶ አትክልት ይግዛ። እህቱም ከቤት የምትወጣበት ቀን በሳምንቱ ውስጥ ይኑራት።

አባቶችም ገቢና ወጪውን ንገሯቸው። አዋቂ ልጅ የቤት ኪራዩን፣ የታናሹን የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የእናቱን መድኃኒት ዋጋ ማወቅ አለበት። በተማረበት ባይሆንም የሰው ባጃጅ ይዞ የሚያመጣውን ገንዘብ ሲሰጣችሁ አታጣጥሉበት። እኛ ጎረቤቶች ደግሞ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን «እስካሁን ሥራ አልያዘም?» ማለታችንን እንተው። መልሱን እናውቀዋለን፤ እናቲቱን ብቻ ነው የምናሳቅቃት።

ስለዚህ ለጉባኤው ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛው፣ 18 ዓመት የሞላው፣ ከወላጁ ጋር የሚኖር ልጅ በጉባኤያችን ተገኝቶ የመናገር መብት እንዲኖረው ደንባችን ይሻሻል፤ እስካሁን ድንኳን ለመትከል ብቻ ነው የምንጠራቸው። ሁለተኛው የሒሳብ መዝገባችንን ይመለከታል። ዛሬም በእጅ ነው የሚጻፈው። በአካውንቲንግ የተመረቁ ልጆች በሰፈራችን አሉ፤ ወደ ኮምፒውተር ያስገቡልን፣ አበልም ይከፈላቸው። በነጻ ይሥሩልን የሚል ካለ አልስማማም። የማሻሻያው ረቂቅ ጸሐፊው ጋር አለ፤ ከሻይ በኋላ ውይይት ተደርጎበት ድምፅ እንዲሰጥበት ሰብሳቢውን እጠይቃለሁ።

አመሰግናለሁ።