ሰዓቱ ሳይጀምር የተሠራ ሥራ

ሰላም ወዳጆቼ፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ በጣም ስለምወደው አንድ የቴሌቪዥን ውድድር ነው፤ ስለ ቶፕ ሼፍ። ዛሬ የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ቶፕ ሼፍ ብራቮ የሚባለው የአሜሪካ ጣቢያ ከ2006 ጀምሮ የሚያሳየው ውድድር ነው። ተወዳዳሪዎቹ በሙያው የሚተዳደሩ ሼፎች ናቸው። ቤት ውስጥ እጃቸው የሚጣፍጥ ሰዎች የሚወዳደሩባቸው ሌሎች ፕሮግራሞች ሞልተዋል፤ ይሄኛው ግን የባለሙያ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ክፍል ሁለት ፈተና አለ። መጀመሪያ አጭሩ ይመጣል፤ ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ ያነሰ። ቀጥሎ ትልቁ ይመጣል። በትልቁ የተሸነፈ ዳኞቹ ፊት ይቆምና ጥፋቱ ይነገረዋል። በመጨረሻም አቅራቢዋ "ቢላዎችህን ሰብስብና ሂድ" ትለዋለች።

እኔ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ሆቴል ኩሽና ውስጥ ነው የምሠራው። ለኛ ቢላ የግል ነገር ነው። መጥበሻው የቤቱ ነው፣ ምድጃው የቤቱ ነው፣ ቢላው ግን ያንተ ነው። ከሥራ ስትወጣ ጠቅልለህ ይዘኸው ትወጣለህ። ስለዚህ ያቺ የስንብት ቃል ጭካኔ መስላ ታይታኝ አታውቅም። ተሸናፊውን እንደ ሙያተኛ ነው የምታሰናብተው።

ዳኝነቱንም እወደዋለሁ። ከመጀመሪያው ጀምሮ ዋናው ዳኛ ቶም ኮሊኪዮ ነው። ኒው ዮርክ ውስጥ ግራመርሲ ታቨርንን ከመሠረቱት አንዱ ነው፤ በኋላም ክራፍት የሚባለውን የራሱን ሬስቶራንት ከፍቷል። ምድጃ ፊት ቆሞ ያደገ ሰው ስለሆነ ሲተች አያድበሰብስም። ጨው አንሶታል፣ ሥጋው ሳያርፍ ተቆርጧል፣ ሳህኑ ላይ ይሄ ነገር ምን ይሠራል? አለቀ። ዳኞቹ የሚፈርዱትም በዚያ ቀን ምግብ ላይ ነው። ባለፈው ሳምንት አንደኛ የወጣ ሼፍ ዛሬ ያበላሸው ካለ ይሄዳል።

ክሪስተን ኪሽን ታውቋት ይሆናል። ደቡብ ኮሪያ ተወልዳ በሕፃንነቷ በጉዲፈቻ አሜሪካ የመጣች ሼፍ ናት። ሲያትል በተካሄደው 10ኛው ሲዝን፣ የሬስቶራንት ጦርነት በሚባለው ፈተና የቡድኗ መሪ ነበረች። ቡድኖቹ በጣም ባጠረ ጊዜ ሬስቶራንት ከፍተው እንግዳ የሚቀበሉበት ፈተና ነው። ከቡድኗ አንዷ ሥራዋን በሰዓቱ አላደረሰችም። ዳኞቹ ሲጠይቁ ክሪስተን ጣቷን አልቀሰረችም፤ ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ አለችና እሷው ተሰናበተች። ከዚያ የተሸነፉት እርስ በርስ በሚፋለሙበት በመጨረሻው ዕድል ኩሽና በኩል ተመልሳ ገብታ ውድድሩን አሸነፈች። ከ2024 ወዲህ ፓድማ ላክሽሚን ተክታ ፕሮግራሙን የምታቀርበው እሷ ናት። ያንን ሰዓት ራሷ ቀምሳዋለች። ሰዎቹ ሲጣደፉ ስታያቸው ፊቷ ላይ ያስታውቃል።

የዛሬው ወሬዬም ይሄው ሰዓት ነው።

እውነተኛ ሬስቶራንት ውስጥም ሰዓት አለ። ትዕዛዝ ገብቶ ሳህኑ እስኪወጣ ያለው ጊዜ በደቂቃ ነው የሚቆጠረው። ግን ያ ሳህን የተጀመረው ጠዋት ነው። አጥንቱ ሲንተከተክ አድሯል፣ ሽንኩርቱ ተከትፏል፣ ሶሱ ተጣርቶ ተቀምጧል። ኩሽና ውስጥ ፕሬፕ የምንለው ይሄ ነው፤ ከሥራችንም ትልቁን ድርሻ የሚወስደው እሱ ነው። የቶፕ ሼፍ አጭሩ ፈተና ፕሬፑን ቆርጦ ያወጣዋል። ምግቡን ማንም ሳይቀምሰው ሰዓቱ ፈረደ ማለት ነው። ጥሬ ዓሣ በስሱ ቆርጦ ሎሚና የወይራ ዘይት ጣል ማድረግ ያዋጣል። እሳት ላይ ለአፍታ ብቻ የሚቆይ የባሕር ምግብ ያዋጣል። ሪዞቶ እንኳ፣ ያ የጣሊያኖች ሩዝ፣ ስንቱን ሼፍ እንዳስባረረ የፕሮግራሙ ተከታታዮች ያውቁታል። ከዚያ በላይ ትዕግሥት የሚጠይቀው ሞሌ የሚባለው የሜክሲኮ ሶስ ወይም የኛ ዶሮ ወጥ በግማሽ ሰዓት የት ይደርሳል?

እስቲ ሽንኩርቱን ብቻ አስቡት። ደቅቆ ይከተፋል። ያለ ዘይት በራሱ ውሃ ይቁላላል፤ ሊይዝ ሲል ውሃ ጠብ እየተደረገለት። በርበሬው ገብቶ ጥሬ ሽታው እስኪለቅ ይታሻል። ቅቤው ይከተላል። ዶሮው በ12 ብልት ወጥቶ፣ በሎሚና በጨው ታጥቦ ተራውን ይጠብቃል። ቁሌቱ ሳይበስል ዶሮውን የጨመረ ሰው በኋላ መከለሻ ቢነሰንስበት፣ ቅቤ ቢያፈስበት አያድነውም። ይሄን ቸኩሎ የሚሠራበት መንገድ ያገኘ ሰው አላየሁም። እኔም ብዙ ፈልጌያለሁ።

በ2010 እዚሁ ዲሲ በተካሄደው 7ኛው ሲዝን፣ በአጭሩ ፈተና ተወዳዳሪዎቹ የኢትዮጵያ ምግብ እንዲሠሩ የታዘዙበት ክፍል አለ። ምግባችን በዚያ መድረክ ሲጠራ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ግን ስለ ሰዓቱ አጥብቄ ማሰብ የጀመርኩት ያኔ ነው። እነዚያ ሼፎች ጎበዞች ናቸው። አንድን ጣዕም በቶሎ መያዝ ይችላሉ። ወጥ ደግሞ እሳት ላይ የቆየበትን ጊዜ ጭምር ነው የምትበላው።

በዚያው ዓመት ሼፍ ማርከስ ሳሙኤልሰን የቶፕ ሼፍ እህት የሆነውን ሌላ ውድድር አሸነፈ። ታሪኩን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ኢትዮጵያ ተወለደ፤ እናቱ በሳንባ ነቀርሳ ስትሞት ከእህቱ ጋር በጉዲፈቻ ስዊድን ሄዶ አደገ። በ1995፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜው፣ የሚመራው አኳቪት ሬስቶራንት ከኒው ዮርክ ታይምስ ሦስት ኮከብ አገኘ። ያሸነፈው ቶፕ ሼፍ ማስተርስ የሚባለውን ነው፤ ስማቸው የገነነ ሼፎች ለበጎ አድራጎት የሚወዳደሩበትን። ሽልማቱ 100,000 ዶላር ለዩኒሴፍ የንጹህ ውሃ ፕሮጀክት ገቢ ሆነ። ያን ምሽት ቤታችን እልልታ ነበር። ከደስታው ሌላ ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። ማርከስ በአውሮፓ ኩሽናዎች የተገራ እጅ አለው። ሰዓቱ የሚፈቅደውን አሠራር በደንብ ያውቃል። የሚፈልገውን ጣዕም በዚያ አሠራር ላይ መጫን ይችላል።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ2011፣ ማስተርስን ያሸነፈው ሙምባይ የተወለደው ፍሎይድ ካርዶዝ ነው። በመጨረሻው ፈተና ካቀረባቸው አንዱ ኡፕማ ነበር፤ ከእንጉዳይ ጋር። ኡፕማ የደቡብ ሕንድ የቁርስ ምግብ ነው፤ ከሻካራ የስንዴ ዱቄት እንደ ገንፎ ይሠራል። ሕንድ ውስጥ ማንም እናት ጠዋት ጠዋት የምትሠራው ነገር ነው። በዚያ መድረክ፣ በዚያ የመጨረሻ ቀን፣ ቁርስ ይዞ ቀረበ፤ አሸነፈም። በመጋቢት 2020 በኮሮና ሲሞት የቅርብ ሰው እንደሞተብኝ ነው ያዘንኩት።

ካርዶዝን ካየሁ በኋላ እኔም አሰብኩ። እኔ እዚያ ብቆም ምን እሠራለሁ? መልሱን ለማግኘት ቆየሁ፤ አሁን ግን እርግጠኛ ነኝ። ሽሮ እሠራለሁ።

ሽሮ ምድጃ ላይ ብዙ አይቆይም። ግማሽ ሰዓት ከበቂ በላይ ነው። ግን ስንት ሥራ አልፎ ነው እዚያ የሚደርሰው? አተሩ ወይ ሽምብራው ይለቀማል፣ ይታመሳል፣ ይከካል። ቅመሙ ይዘጋጃል፣ ፀሐይ ይመታል፣ ከዚያ ወፍጮ ቤት ይሄዳል። በርበሬም እንደዚያው ነው። ዛላው ይቀነጠሳል፣ ከነጭ ሽንኩርቱና ከዝንጅብሉ ጋር ይደለዛል፣ ይሰጣል፣ ከኮረሪማው፣ ከአዝሙዱ፣ ከበሶብላው ጋር ይፈጫል። ቅቤው ይነጠራል። ድርቆሹ፣ ቋንጣው፣ ሚጥሚጣው፣ ሁሉም አስቀድሞ የተሠራ ነው። የኛ ኩሽና ፕሬፑን በከረጢትና በብልቃጥ አስቀምጦታል። አዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ስታስመዝኑ ኪሎው ከየት እንደሚመጣ ታውቁት የለ!

ይሄን ሳወራ አንድ የሥራ ባልደረባዬ "ታዲያ ተዘጋጅቶ የመጣ ዱቄት አይሆንም?" አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። የኔ መልስ ደግሞ ይሄ ነው። የቶፕ ሼፍ ዕቃ ቤት ውስጥ ፓርሚጃኖ አይብ አለ፤ ያ አይብ ቢያንስ 12 ወር ቆይቶ የበሰለ ነው። ሚሶ የሚባለው የጃፓኖች የአኩሪ አተር ሊጥ አለ፣ አኩሪ አተር ሶስ አለ፣ የዓሣ ሶስ አለ። አብዛኛው ለወራት፣ አንዳንዱም ለዓመታት ሲብላላ የቆየ የሰው ሥራ ነው። ሼፉ ከመደርደሪያ ያነሳውና ሰዓቱ ሳያልቅ ሳህን ላይ ያደርገዋል። ማንም አጭበረበርክ አይለውም፤ ሊለውም አይገባም። እንግዲህ የእናቶቻችን በርበሬ ከዚያ መደርደሪያ ላይ እኩል ቦታ ይገባዋል። ሽሮን ተራ ምግብ ነው የሚል ሰው፣ ሐበሻም ቢሆን፣ ያላየው ያንን የተደበቀ ድካም ነው። ደሃ ቤትም ስለሚበላ ብቻ ሙያነቱ አይቀንስም።

ከዳኞቹ ጠረጴዛ የምሰማው አንድ ጥያቄ ደግሞ አለ። ምግቡ ሲበላሽ "ቀምሰኸው ነበር?" ይላሉ። ተወዳዳሪው አልቀመስኩም ካለ አበቃለት። ምግቡን ሳይቀምስ የሚያቀርብ ባለሙያ የለም፤ እኔም በማንኪያ ነው የምኖረው። ግን ይሄን ጥያቄ በሰማሁ ቁጥር የማስበው ቅዳሜ ሹርን ነው። ጾሙ አልተፈታም። ድስቱ ሙሉ ዶሮ ወጥ ተጥዷል። እናቴ አትቀምስም። አክፋይ ናት፤ እህልም ውሃም አፏ አልገባም። ክዳኑን ገለጥ ታደርግና እንፋሎቱን ወደ አፍንጫዋ በእጇ ትስባለች። "ጨው ይፈልጋል" ትላለች። ትንሽ ቆይታ እንደገና ታሸታለች። እኔ ሕፃን ስለነበርኩ አንዳንዴ "ና እስቲ ቅመስልኝ" ትለኝ ነበር፤ ግን ብዙውን ጊዜ እኔ ከመናገሬ በፊት ታውቀዋለች። ቁሌቱ መድረሱን በድምፁ ትለየዋለች፤ ውሃ ያለው ሲፈላና ቅባቱ ሲወጣ ድምፁ ይለያያልና። ሌሊት ዶሮ ጮኾ ስንገድፍ ወጡ ልክ ነው።

ይሄን ጥበብ የትኛው ዳኛ ነው ነጥብ የሚሰጠው? እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ ሙያ ተምሬአለሁ፤ ሰርተፍኬት አለኝ። እናቴ ያንን አፍንጫ ያገኘችው ድስት አጠገብ ቆማ ነው። ያን ያህል የሚያውቁ ሴቶች በየሰፈሩ አሉ። ሠርግና ተዝካር ሲመጣ ይጠራሉ፤ ስማቸው ከሰፈሩ አይወጣም። ይሄ ያሳዝነኛል። በጣም ያሳዝነኛል።

አገር ቤት ለባለሙያ ሼፎች ውድድር ለማዘጋጀት የሚያስብ ሰው የሚሰማኝ ከሆነ፣ እባካችሁ የፈረንጁን ሰዓት እንዳለ አትገልብጡት። አጭር ፈተና ይኑር፤ ክትፎ፣ ጥብስ፣ ቡላ፣ ጨጨብሳ ያምርበታል። ከዚያ ግን ቀናት የሚፈጅ ፈተና ጨምሩ። ዛላ በርበሬና ያልተፈጨ ቅመም አስረክቧቸውና ከባዶ ይጀምሩ። የጤፉ ሊጥ ሲቦካ፣ አብሲቱ ሲጣል፣ ምጣዱ ሲሟሽ ካሜራው እዚያ ይሁን። ዳኛ ስትመርጡ ደግሞ ከሆቴሉ ዋና ሼፍ አጠገብ ሠርግ የምታበስል አንዲት ባለሙያ ሴት አስቀምጡ። ድምፃቸው እኩል ይቆጠር። የሷ ስምም እንደሱ በማዕረግ በስክሪኑ ላይ ይጻፍ።

እናንተ ማንን ዳኛ ታደርጋላችሁ? ሠርጋችሁን ያበሰለችውን? ወይስ የጎረቤታችሁን እትዬ? የእጇን ሙያ በድምፅ መልእክት ንገሩኝ፤ በሚቀጥለው ክፍል አብረን እንሰማዋለን። ደህና ሁኑልኝ።