ወደ ፒኤ የሚወስድ አቋራጭ የለም
(በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ለወላጆችና ለወጣቶች የተዘጋጀ ንግግር)

እንደምን ዋላችሁ። አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞች፣ እህቶች፣ ቅዳሜያችሁን ሠውታችሁ የመጣችሁ ወጣቶችም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

አዘጋጆቹ ፊዚሺያን አሲስታንት፣ ማለትም ፒኤ፣ ከሐኪም ጋር እየሠራ የሚመረምርና የሚያክም ባለሙያ ለመሆን የትኛውን የትምህርት መንገድ መምረጥ እንደሚሻል ተናገሪ ብለውኛል። እናገራለሁ። መጀመሪያ ግን የሆድ የሆዳችንን እናውራ።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ አገር ቤት ጤና መኮንን የነበራችሁ ጥቂት አይደላችሁም። የጎንደሩ የጤና ኮሌጅ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው፤ ወባ ደምቢያን ከፈጀ በኋላ። ሐኪም በማይደርስበት ቦታ የሚመረምር፣ የሚያክም፣ ጤና ጣቢያ የሚመራ ሰው ለማውጣት። አሜሪካስ? ዱክ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያዎቹን የፒኤ ተማሪዎች የተቀበለው በ1965 ነው። አራት ነበሩ፤ በባሕር ኃይል ሕክምና ሲሠሩ የቆዩ። 11 ዓመት ቀድመናቸዋል! እዚህ ጋ ማጨብጨብ ይቻላል።

ግን የጎንደር ዲግሪ እዚህ ፒኤ አያደርግም። እዚህ አገር እውቅና ካለው የፒኤ ፕሮግራም ያልተመረቀ ሰው ለብሔራዊው ፈተና አይቀመጥም። ፈተናውን ያላለፈ ላይሰንስ አያገኝም። አገር ቤት ዶክተር የነበረም ቢሆን ያው ነው። ያማል፤ ግን ሕጉ ይኸው ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ሕጉን ባለማወቃችን የሚነግዱት ናቸው።

አንድ ወንድማችን አለ። ስሙን አልጠራም። ወሎ ውስጥ ጤና ጣቢያ የመራ ሰው ነው። ቀን የወባና የቲቢ በሽተኛ ሲያይ ይውላል፣ ሌሊት ለምጥ ይጠሩታል። እዚህ መጥቶ ፓርኪንግ ገባ። አንድ ቀን ቡና ሲጠጣ አንዱ የኛው ሰው፣ ከረባት ያሰረ፣ አጠገቡ ቁጭ አለ። «ወንድሜ፣ ላንተ ዓይነት ሰው እኮ ፈጣን መንገድ አለ» አለው። የሜዲካል አሲስታንት፣ ማለትም ክሊኒክ ውስጥ ሐኪሙን የሚያግዝ ሠራተኛ ሰርተፊኬት። «የፒኤ ግማሽ መንገድ ነው። ክሬዲቱን ይዘህ ትዛወራለህ።» ወንድማችን ለእናቱ ሊልክ ያስቀመጠውን ብር ከፈለ። የጎደለውን ተበደረ። ሌሊት መኪና ሲጠብቅ አድሮ ጠዋት ክፍል ገብቶ የደም ግፊት አለካክ ተማረ። ደም ግፊት ሲለካ የኖረ ሰው! አስተማሪዋ ራሷ ግራ ሲገባት ወደ እሱ ነበር የምታየው አሉ። ጨርሶ ሰርተፊኬቱን ይዞ አንድ ኮሌጅ ሄደ። አንዲት ክሬዲት አልቆጠሩለትም።

ሜዲካል አሲስታንትነት ነውር የለበትም። እንዲያውም በሽተኛ ላይ የሠራችሁበት ሰዓት ይጠቅማችኋል፤ 1,000 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚጠይቁ ትምህርት ቤቶች አሉ። ነውሩ ሰዓቱን ክሬዲት ነው ብሎ መሸጥ ነው። በገዛ ቋንቋችን፣ ሠርጋችን ላይ እየበላ፣ ለቅሷችን ላይ እየተቀመጠ፣ በኛ ላይ ኮሚሽን የሚበላ ሰው እስከ መቼ ነው «ጋሼ» እያልን የምናከብረው? እስከ መቼ ነው ይሉኝታ የሚይዘን?

እንግዲህ መንገዱ። ኤአርሲ-ፒኤ የሚባል አካል አለ። የፒኤ ፕሮግራሞችን መርምሮ እውቅና የሚሰጠው እሱ ነው። ዝርዝሩ ድረ ገጹ ላይ በነፃ ይገኛል። ስሙ እዚያ ከሌለ ትምህርት ቤት ጋር ወሬ አትጀምሩ። ስሙ ካለም በፕሮቤሽን፣ ማለትም መስፈርት ጎድሎት በማስጠንቀቂያ ላይ መሆን አለመሆኑን እዩ። ፕሮግራሙ ማስተርስ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ 27 ወር አካባቢ ይፈጃል። መጀመሪያ ክፍል ውስጥ፣ ከዚያ ሆስፒታልና ክሊኒክ ውስጥ።

ከአገር ቤት ትራንስክሪፕት፣ ማለትም የትምህርት ውጤት ማስረጃ ያላችሁ፣ ትምህርት ቤቱን ቀድማችሁ ጠይቁ። አንዱ አስገምግማችሁ አምጡ ይላል። ሌላው የውጭ አገር ኮርስ ጨርሶ አይቀበልም። ሌላው ደግሞ ኬሚስትሪያችሁ አርጅቷል ይላችኋል። ያኔ አናቶሚውን፣ ፊዚዮሎጂውን፣ ማይክሮባዮሎጂውን ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በርከስ ባለ ዋጋ መውሰድ ይቻላል። ሞንትጎመሪ ኮሌጅ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው። የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ኮርስ ይቀበሉ እንደሆነም ጠይቁ። መልሱን በጽሑፍ ያዙ።

ወላጆች፣ «ልጄ ዶክተር ካልሆነች» ለምትሉት ብዙ አልልም። ፒኤ ይመረምራል፣ መድኃኒት ያዛል፣ ቀዶ ሕክምና ላይ ይቆማል። ልጆች፣ የመጀመሪያ ዲግሪያችሁ በምንም ቢሆን፣ የሚጠየቁትን የሳይንስ ኮርሶች እስከወሰዳችሁ ድረስ ማመልከት ትችላላችሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ፕሮግራሙ ውስጥ ሆኖ ሥራ መሥራት አይታሰብም ማለት ይቻላል። ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶችም ይከለክላሉ ወይም አይመክሩም። አገር ቤት በየወሩ የምትልኩ፣ ከመግባታችሁ በፊት ለቤተሰብ ንገሩ።

ትራንስክሪፕት የያዛችሁ ከኋላ ያለው ጠረጴዛ ጋ እንገናኝ። የሆነ ቦታ ውል ልትፈርሙ ደርሳችሁ ከሆነም ወረቀቱን ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እናነበዋለን።