በታመምን ቀን ሒሳቡ የማን ነው?

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ሰሞኑን በውስጤ ሲመላለስ የከረመ ነገር አለና እሱን ላወጋችሁ ነው።

ነገሩ መንግሥት በሕክምና ጉዳይ እስከ ምን ድረስ ይግባ የሚለው ነው። ክርክሩን ታውቁታላችሁ። አንዱ «ሕክምና መብት ነው፣ መንግሥት ይቻለው» ይላል። ሌላው «መንግሥት የገባበት ሁሉ ወረፋ ነው፣ ለገበያው ይተው» ይላል። ድምፅ ከፍ ከፍ ይላል። መጨረሻ ላይ ሁሉም የያዘውን ይዞ ይለያያል።

እኔ ክርክሩ ከጅምሩ የተደበላለቀ ይመስለኛል። ማን ይክፈል የሚለው አንድ ጥያቄ ነው። ማን ያክም የሚለው ሌላ ነው። ማን ይቆጣጠር የሚለውም ለብቻው ነው። እኛ ግን ሦስቱንም አንድ ላይ ጠቅልለን «መንግሥት ወይስ የግል?» እንላለን። እንዲህ ብለን ከጠየቅን መልሱ ሁሌም ያጣላናል።

አቋሜን ከወዲሁ ልንገራችሁ። መንግሥት የግድ የሆስፒታል ባለቤት መሆን አለበት ብዬ አላምንም። ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። ሰው ሁሉ ሳይታመም በፊት እንዲያዋጣ ማድረግ ግን የመንግሥት ሥራ ነው። የታመመ ሰው ገንዘብ ስለሌለው ከበር እንዳይመለስ ማድረግም እንደዚያው። ይህን ሌላ ማንም አይሠራልንም።

ለምን እንደዚህ እንደማስብ በአንድ ታሪክ ልጀምር። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ቦታው አሜሪካ፣ ሲያትል ከተማ ነው። እስከ 1960 ድረስ ኩላሊቱ ጨርሶ ሥራ ያቆመ ሰው ተስፋ አልነበረውም። የኩላሊት እጥበት ማሽን ነበር፤ ግን በየጊዜው አዲስ ደም ሥር መክፈት ስለሚያስፈልግ ለረጅም ጊዜ ማጠብ አይቻልም ነበር። በዚያ ዓመት ቤልዲንግ ስክሪብነር የሚባል ሐኪም ክንድ ላይ ተተክሎ የሚቆይ ትንሽ የቴፍሎን ቱቦ ሠራ። በቃ፣ ሞት የተፈረደበት ሰው ለዓመታት መኖር ቻለ።

ችግሩ ማሽኑ ጥቂት፣ ወጪው ደግሞ ከባድ ነበር። በ1962 የእጥበት ማዕከሉ ሲከፈት ማን ይግባ የሚለውን የሚወስን ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰባት ሰዎች ናቸው፤ ጠበቃ፣ ቄስ፣ የባንክ ባለሙያ፣ የቤት እመቤት፣ የመንግሥት ሠራተኛ፣ የሠራተኛ ማኅበር መሪና አንድ ቀዶ ሐኪም። ስማቸው ለሕዝብ አይነገርም ነበር። ሐኪሞች «ይህ ሰው ማሽኑ ይጠቅመዋል» ብለው ካሳለፉት በኋላ ፋይሉ ወደ እነሱ ይመጣል። ያገባ ነው? ስንት ልጅ አለው? ገቢው ምን ያህል ነው? ምን ያህል ተምሯል? ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል? እነዚህን እየጠየቁ አንዱን ያስገባሉ፣ ሌላውን ይተዋሉ። የተተወው ይሞታል።

እስቲ ራሳችሁን በዚያ ክፍል ውስጥ አስቡት። ሰዎቹ ክፉዎች አልነበሩም። ከባድ ሥራ በበጎ ፈቃድ የተቀበሉ ተራ ሰዎች ናቸው። ግን ፊታቸው ላይ ሁለት ፋይል አለ፣ አልጋው አንድ ነው። ሚስትና ልጆች ያሉት ይመረጣል። ብቻውን የሚኖረውስ? ሥራ ያልነበረውስ? የሰው ነፍስ በጎረቤት ዓይን ሲመዘን ምን እንደሚመስል ከዚህ በላይ የሚያሳየኝ ነገር አላገኘሁም።

ከዚያስ? በ1971 ሼፕ ግሌዘር የሚባል ታካሚ አሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ፣ እዚያው አዳራሹ ውስጥ ደሙ በማሽን ሲታጠብ አሳየ። በዓመቱ፣ በ1972፣ ፕሬዚዳንት ኒክሰን አንድ ሕግ ፈረሙ። ኩላሊታቸው ሥራ ያቆመ ሰዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም፣ ዕድሜያቸው 65 ባይሞላም፣ ሜዲኬር በሚባለው የመንግሥት የጤና መድን ውስጥ ገቡ። ያ ኮሚቴ የሚያስፈልግበት ምክንያት ቀረ።

አሁን ልብ በሉ። የሚከፍለው መንግሥት ነው። የሚያጥቡት ግን ዛሬም በአብዛኛው የግል ድርጅቶች ናቸው፣ ለትርፍ የሚሠሩ። ታዲያ ይህ የመንግሥት ሕክምና ነው ወይስ የግል? ጥያቄው ራሱ ትርጉም ያጣል። በሽተኛው የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ተራው ሲደርስ በሩ እንዲከፈትለት።

በነገራችን ላይ፣ ያ ሕግ ሌላ ጥያቄ አስነስቷል። ለኩላሊት ከተከፈለ ልቡ የደከመውስ ምን አጠፋ? ካንሰር የያዘውስ? ለዚህ እስከ ዛሬ ጥሩ መልስ የሰጠኝ የለም።

ገበያው ለምን ብቻውን አይበቃም ወደሚለው ልሂድ። ኬኔት አሮው የሚባል አሜሪካዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ በ1963 አንድ ጽሑፍ አሳትሞ ነበር፤ በኋላ ኖቤል ተሸልሟል። ዋና ሐሳቡ በአጭሩ እንዲህ ነው። ሕክምና እንደ ሌላ ዕቃ አይገዛም። መቼ እንደምትፈልጉት አታውቁም። ስትፈልጉትም ምን እንደሚያስፈልጋችሁ የሚያውቀው ሻጩ ነው።

ይህን በራሴ አይቼዋለሁ። እናቴ ታማ የተኛች ጊዜ ሐኪሙ መጥቶ «አንድ ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልጋታል» አለኝ። ወረቀት ዘረጋልኝ፣ ፈረምኩ። ምን ልለው ነው? ዋጋ ልከራከር? ሌላ ቦታ ሄጄ ላወዳድር? የምርመራውን ስም እንኳ በደንብ አልሰማሁትም። ዓይኔ እናቴ ላይ ነበር። ሐኪሙ ቅን ሰው ነበር፣ ምርመራውም አስፈላጊ ሆኖ ተገኘ። ግን ባይሆንስ ኖሮ? ያኔም እፈርም ነበር። ገዢ ማለት እንቢ ማለት የሚችል ሰው ከሆነ፣ እኔ በዚያ ሰዓት ገዢ አልነበርኩም።

ሁለተኛው ነገር የወጪው አከፋፈል ነው። ሕመም በእኩል አይደርስም። አሜሪካን ብንወስድ፣ በአንድ ዓመት ከሚወጣው የሕክምና ገንዘብ ግማሽ ያህሉ የሚወጣው ለ5 በመቶ ሰዎች ነው። ብዙው ሰው በዚያ ዓመት እምብዛም ወጪ የለበትም። ጥቂቱ ግን ቤቱን ቢሸጥ እንኳ አይበቃውም። ጥቂቶቹ እነማን እንደሚሆኑ ደግሞ ዓመቱ ሲጀመር ማንም አያውቅም። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት እንደዚህ ላለው ነገር ነው።

«ታዲያ የፈለገ ኢንሹራንስ ይግባ፣ ያልፈለገ ይተው» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ሲሰሙት ደስ ይላል። ነገር ግን ምርጫው ለየራሳችን ከተተወ መጀመሪያ የሚገባው ማን ነው? የታመመው፣ ወይም መታመሙን የጠረጠረው ነው። ጤነኛው «እኔ ምን ሆኜ» ብሎ ይቀራል። የሚያዋጡት ሕመምተኞች ብቻ ሲሆኑ መዋጮው ይወደዳል። ሲወደድ ከመካከላቸው ትንሽ ደህና የሆኑት ይወጣሉ። እንደገና ይወደዳል። ወይ ደግሞ ኩባንያው ቀድሞ «ስኳር አለብህ? አንተን አንወስድም» ይላል። ከኩባንያው ሒሳብ አንፃር አልፈርድበትም፤ እንዲያ ካላደረገ ይከስራል። ለዚህ ነው አሜሪካ በ2010 ባወጣችው ሕግ መድን ሰጪዎች ነባር ሕመም ያለበትን ሰው እንዳይመልሱ ስትከለክል፣ ጤነኞቹም እንዲገቡ ግዴታ የጣለችው። አንዱ ያለ ሌላው አይቆምም። ሰውን ሁሉ አዋጣ ብሎ ማስገደድ የሚችለው ደግሞ ሕግ ብቻ ነው።

ይህ ማለት ሁሉን ነገር መንግሥት ያድርገው ማለት አይደለም። ጀርመንን ተመልከቱ። በ1883 የሀገሪቱ ቻንስለር ቢስማርክ የሠራተኞች የጤና መድን ሕግ ሲያወጣ ሶሻሊስት አልነበረም፤ እንዲያውም የሶሻሊስቶቹን ጉልበት ለመቀነስ ነበር። ሠራተኛው ከመዋጮው ሁለት ሦስተኛውን፣ አሠሪው አንድ ሦስተኛውን ይከፍሉ ነበር። ገንዘቡን የሚያስተዳድሩት የመድን ፈንዶች ናቸው። ሐኪሞቹም በአብዛኛው የመንግሥት ተቀጣሪዎች አይደሉም። መንግሥት ደንቡን አወጣ፣ መዋጮውን ግዴታ አደረገ። ዛሬም መሠረቱ ያው ነው።

ብሪታንያ ሌላ መንገድ ሄደች። ጁላይ 5 ቀን 1948 ብሔራዊ የጤና አገልግሎቷን ስትጀምር ሆስፒታሎቹን መንግሥት ወረሰ፣ ወጪው በዋናነት ከግብር ሆነ።

የካናዳው ታሪክ ግን ልቤን ይነካዋል። ቶሚ ዳግላስ ልጅ እያለ እግሩ አጥንት ውስጥ ኢንፌክሽን ገባበት። ቤተሰቡ ደሃ ነው። ሐኪሞቹ እግሩ ይቆረጥ አሉ። አንድ ታዋቂ የአጥንት ሐኪም ግን ልጁን አየውና «ተማሪዎቼ እያዩ እንዲማሩበት ከፈቀዳችሁ በነፃ እሠራለታለሁ» አለ። እግሩ ተረፈ። ያ ልጅ አድጎ የሳስካችዋን ግዛት መሪ ሆነ፤ እግሩ የተረፈው ባጋጣሚ መሆኑንም አልረሳም። የእሱ መንግሥት ያዘጋጀው የሕክምና መድን በ1962 ሥራ ላይ ሲውል የግዛቱ ሐኪሞች አድማ መቱ። አድማው ወደ 23 ቀን ቆየ። ሲታረቁ የተስማሙበት ነገር ነው የሚገርመኝ። ሐኪሞቹ በግላቸው መሥራታቸውን ቀጠሉ፤ ሒሳባቸውን ግን የሕዝቡ መድን ይከፍላል። የፈሩት የመንግሥት ቅጥረኛ መሆን ነበር፣ እሱ ቀረ። ሕዝቡ የፈራው ደግሞ ገንዘብ አጥቶ መሞትን ነበር፣ እሱም ቀረ። በአሥር ዓመት ውስጥ መላው ካናዳ ያንኑ መንገድ ያዘ።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቹ ልምጣ፤ ምክንያታቸው ቀላል አይደለምና።

ወረፋው እውነት ነው። በ2023 እንግሊዝ ውስጥ ለሕክምና ተራ የሚጠብቀው ዝርዝር ከ7 ሚሊዮን በላይ ደርሶ ነበር። በካናዳም የዳሌ ወይም የጉልበት መገጣጠሚያ ለማስቀየር ወራት የሚጠብቅ ሰው ብዙ ነው። ጉልበቱ እያመመው ሌሊቱን ሙሉ ለሚገላበጥ ሰው «ሕክምናው በነፃ ነው» ማለት መጽናኛ አይሆንም። መንግሥት ገንዘብ ሲያጥረው ዋጋ አይጨምርም፣ ወረፋ ያስረዝማል። ይህን ሳይደብቁ መናገር ያስፈልጋል። የመንግሥት ሕክምና ደጋፊ ነኝ የሚል ሰው ስለ ወረፋ ሲጠየቅ ወሬ ካስቀየረ እኔ አላምነውም።

«ነፃ ከሆነ ሰው ያለአግባብ ይጠቀማል» የሚለውም ማስረጃ አለው። በ1970ዎቹ ራንድ የተባለ የአሜሪካ የጥናት ተቋም ሰዎችን በዕጣ መድቦ ሞክሮታል። ብዙውን ወጪ ራሳቸው የሚከፍሉት ሰዎች በነፃ ከሚታከሙት ይልቅ የወጣባቸው ገንዘብ በ30 በመቶ ገደማ ያነሰ ሆነ። በአማካይ ጤናቸውም ያን ያህል አልተጎዳም። እዚህ ላይ የሚያቆሙ አሉ። ግን ጥናቱ አላቆመም። ሰዎቹ የተዉት የማያስፈልገውን ሕክምና ብቻ ሳይሆን የሚያስፈልገውንም ነበር። ደሃ ሆነው ደም ግፊት ያለባቸው ሰዎች ደግሞ በነፃ ሲታከሙ ግፊታቸውን በተሻለ ሁኔታ ተቆጣጠሩ። ስለዚህ ትንሽ ክፍያ ይኑር ካላችሁኝ እስማማለሁ። ለደሃው፣ እንደ ስኳርና ደም ግፊት ያለ የዕድሜ ልክ በሽታ ላለበት ሰው ግን አይሁን። የደም ግፊት መድኃኒት ማንም ለመዝናናት አይወስድም።

የሚከብደኝ ሌላ ነው። የትኛውም ሀገር ሁሉንም ነገር ለሁሉም መክፈል አይችልም። አዲስ መድኃኒት በየጊዜው ይመጣል፣ ዋጋው ሰማይ ይነካል። የሆነ ሰው «ይህን አንሸፍንም» ማለት አለበት። ገበያው ብቻውን ከሆነ እንቢ የሚለው ኪሳችሁ ነው። የግል መድን ከሆነ ደብዳቤ ይጽፍላችኋል። የመንግሥት ከሆነ ኮሚቴ ይቀመጣል። ብሪታንያ በ1999 ናይስ የሚባል ተቋም ያቋቋመችው ለዚህ ነው። አንድ መድኃኒት ምን ያህል ዕድሜና ጤና እንደሚጨምር ከዋጋው ጋር እያስተያየ ይወስናል። ምክንያቱን አደባባይ ያወጣል፣ ይግባኝም አለው። ውሳኔው ብዙ ቤተሰብ አስለቅሷል፤ ይህን አልክድም። ሆኖም መስፈርቱ ተጽፎ ይገኛል፣ ሊከራከሩበትም ይቻላል። በሽተኛው ያገባ መሆኑንና ቤተ ክርስቲያን መሄዱን አይጠይቅም። እኔ የምመርጠው ይህንን ነው።

ስለ መድኃኒት ዋጋ ገና ምንም አላልኩም። እሱ ራሱን የቻለ ጉዳይ ስለሆነ ለሚቀጥለው ክፍል አቆይቼዋለሁ። እስከዚያ በተለይ ሐኪሞችና ነርሶች፣ ገንዘብ ክፍል የምትሠሩም፣ ያያችሁትን ጻፉልኝ። ከእናንተ መስማት የምፈልገው፣ በሽተኛ «ነገ እመለሳለሁ» ብሎ ሳይመለስ ሲቀር ምን እንደምታደርጉ ነው።