ሚኒስትሩ ማንን ይፈራል?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ከደብረ ብርሃን ነው የማወራችሁ። ድምፄ ከጎረነነ የኔ ጥፋት አይደለም፣ ብርዱ ነው።

ዛሬ ስለ ሹመት ላውራ። አዲስ ሚኒስትሮች በተሾሙ ቁጥር እዚህ ጠባሴ ሻይ ቤት ውስጥ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ይጨመራል፣ ስም ይነበባል፣ ሰዉም ስኒውን ሳያስቀምጥ «የየት ሰው ነው?» ይላል። የመንዝ ነው የሚል አለ፣ የለም የቡልጋ ነው የሚል አለ፣ ሌላው ደግሞ ኧረ ሸዋን አያውቃትም ብሎ ይስቃል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ይህን ሰው ማን አስቀመጠው? ማንስ ያነሳዋል? ባለሥልጣን የሚፈራው የሚያነሳውን ነዋ!

ድሮ ነገሩ ግልጽ ነበር። እዚሁ አጠገባችን አንጎለላ የተወለዱት ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾሙ። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ የጦር ሚኒስትር ሆኑ። ሿሚውም ሻሪውም ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው፣ አለቀ።

በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ግን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዕጩዎቹን ያቀርባል፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሹመቱን ያጸድቃል። ዕጩው ከምክር ቤት አባላት መሃል ሊሆን ይችላል፣ ከውጭም ሊመጣ ይችላል። አንቀጽ 76 ላይ ደግሞ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ተጠሪነቱ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው ይላል፣ ወረድ ብሎ በሚወስነው ውሳኔ ሁሉ ለተወካዮች ምክር ቤት ተጠሪ ነው ይላል። ሁለት አለቃ ማለት ነው። ሁለት አለቃ ያለው ሰው ደግሞ ቅርብ ያለውን ነው የሚሰማው፣ ይሄ የትም አገር ያው ነው።

እንግሊዝ ውስጥ ሚኒስትር የሚሆን ሰው በልማድ ከሁለቱ ምክር ቤቶች ባንዱ መቀመጥ አለበት። ለዚህ ነው በፈረንጆቹ 2023 ፓርላማ ውስጥ ያልነበረው የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ካሜሮን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር እንዲሆን ሲፈለግ የጌቶች ምክር ቤት አባል የተደረገው። ኔዘርላንድስ ደግሞ ግልባጩ ነው፣ የፓርላማ አባል ሚኒስትር ከሆነ ወንበሩን ይለቃል። እኔ የደቾቹ ይሻለኛል። ጠዋት ያስፈጸምከውን ሥራ ከሰዓት አንተው ራስህ ቁጭ ብለህ የምትቆጣጠረው ከሆነ፣ ተማሪው የራሱን ፈተና ሲያርም እንደማለት ነው።

አወቃቀሩን ደግሞ እዩት። በ2011 ሚኒስቴሮቹ ከ28 ወደ 20 ወረዱ፣ ግማሾቹ ተሿሚዎች ሴቶች ሆኑ፣ ያ ጥሩ ነበር። በ2014 ደግሞ 22 ሆኑ፣ ከተቃዋሚ ፓርቲዎችም እንደ ብርሃኑ ነጋና በለጠ ሞላ ያሉ ገቡ። ማጠፍና መዘርጋቱ አዲስ አበባ ላይ አዋጅ ነው፣ እዚህ ሲደርስ ግን ደብዳቤና ማህተም ይሆናል። የኛው የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በትምህርት ሚኒስቴር ሥር ነበር፣ በ2011 ሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር የሚባል መጣና ወደዚያ ዞረ፣ በ2014 ያ ሚኒስቴር ፈረሰና ተመልሶ ትምህርት ሚኒስቴር ሥር ገባ። ሕንጻው ያው፣ መምህሩ ያው፣ ደብዳቤ የሚጻፍለት አለቃ ብቻ ነው የተቀያየረው። መዋቅር በተነካካ ቁጥር ሠራተኛው ወራቱን ምደባ ሲጠብቅ፣ ባለጉዳዩ ደግሞ «ነገ ተመለስ» ሲባል ነው የሚያሳልፈው። ይሄን ማን ይጠየቅበታል?

የሹመቱ ቀን ራሱ ያናድደኛል። የትምህርት ደረጃና የሥራ ልምድ ይነበባል፣ እጅ ይወጣል፣ ቃለ መሐላ ይከተላል፣ ከዚያ «ሹመት ያዳብር» ነው። ቋሚ ኮሚቴው ተሿሚውን አንድ በአንድ ጠርቶ «ውሃ ሚኒስቴር ገብተህ መጀመሪያ ምን ልትሠራ ነው?» ብሎ ግማሽ ቀን ቢያፋጥጠው ምን ይጎዳል? ምንም!

ከሹመት በኋላስ ምክር ቤቱ አቅም የለውም ወይ ካላችሁ፣ በወረቀት አለው። አንቀጽ 55 ሚኒስትር ጠርቶ የመጠየቅ ሥልጣን ይሰጠዋል። ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ከጠየቁ ደግሞ የአስፈጻሚው ሥልጣን በሆነ በማንኛውም ጉዳይ ላይ ምክር ቤቱ ይወያያል፣ እርምጃም መውሰድ ይችላል። ጠንካራ መሣሪያ ነው። ግን ቁጥሩን እዩት፣ በ2013ቱ ምርጫ በሰኔው ዙር ብቻ ገዢው ፓርቲ ብልጽግና ከ436 ወንበር 410ሩን ነው ያሸነፈው። የቀሩት ሁሉ፣ ተቃዋሚውም የግል ተወዳዳሪውም፣ ቢደማመሩ ወደ ሲሶው አይጠጉም። ስለዚህ ያቺ አንቀጽ የምትሠራው የገዢው ፓርቲ አባላት ራሳቸው የራሳቸውን ሚኒስትር ለመጠየቅ ፊርማ ሲያሰባስቡ ብቻ ነው። እስቲ በምርጫ ሰሞን ድምፃችሁን ፈልጎ ለሚመጣው ዕጩ ይቺን ጠይቁልኝ፣ የፓርቲህ ሚኒስትር ሲያጠፋ ትፈርማለህ ወይ?