ክንፉን በምን አሰርሽው?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ።

ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ፊት ለፊቴ ጠረጴዛው ላይ አንድ አውሮፕላን ተቀምጧል። ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 40 ሴንቲሜትር ነው። ዳግላስ ዲሲ-3። ሰባት ወር ፈጀብኝ። ሰባቱንም ወር ግን አልሠራሁም፤ ሦስቱን ተኮራርፈን ነው ያሳለፍነው፣ እኔና አውሮፕላኑ። ለምን እንደተኮራረፍን ነው ዛሬ የማወራችሁ።

መጀመሪያ ለአዲስ አድማጮች። "ሞዴል እሠራለሁ" ስል ግማሹ ሰው የፋሽን ትርኢት ይመስለዋል። ፋይናንስ የሚሠራ አንድ ዘመዴ ደግሞ "ሞዴል 19 ነው ሞዴል 22?" ብሎኛል። የኔው እንዲህ ነው፤ ካርቶን ትከፍታላችሁ፣ ውስጡ ግራጫ ፕላስቲክ ታገኛላችሁ። ክንፉ፣ ጎማው፣ የአብራሪው ወንበር፣ ሁሉም በቀጭን የፕላስቲክ ዘንግ ላይ እንደ ወይን ዘለላ ተንጠልጥሏል። እየቆረጣችሁ፣ እየሞረዳችሁ፣ እያጣበቃችሁ፣ እየቀባችሁ ትገጣጥሙታላችሁ። ልጅ ሆነን ከሽቦ መኪና ሠርተን ቆርኪ ጎማ እንደምናደርግለት ማለት ነው። ልዩነቱ፣ ያኔ "ይሄ የየትኛው ዓመት ቶዮታ ነው?" ብሎ የሚያፋጥጠን ሰው አልነበረም። እዚህ የሞዴል ሠሪዎች ሠፈር ግን አለ። በሽ ነው።

ይሄ አውሮፕላን 1/72 ነው። እውነተኛው ሰባ ሁለት ጊዜ አንሷል። ለምን 72? ነገሩ የእንግሊዞች ነው። በነሱ መለኪያ ስድስቱ ጫማ አንድ ኢንች ይሆናል። አንድ መለሎ ሰው በዚህ ልክ ሲያንስ የአውራ ጣቴን አንጓ ቢያህል ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮች የጠላትን አውሮፕላን ከወገን በቅርጹ እንዲለዩ የሚማሩባቸው ሞዴሎችም በዚሁ ልክ ይሠሩ ነበር። ታንክ ላይ ደግሞ የሚዘወተረው 1/35 ነው። እሱ ከምንም ሒሳብ የመጣ አይደለም። የጃፓኑ ታሚያ በፈረንጆቹ 1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ የመጀመሪያውን ታንክ ሲሠራ፣ መጫወቻው በባትሪ እንዲሄድ ፈልጎ ነበር። ባትሪው ሆዱ ውስጥ የገባለት ልክ 1/35 ሆነ። ከዚያ ሌላው ሁሉ ተከተለ። ስንት ሽማግሌ በሚሊሜትር የሚጣላበት ነገር መነሻው የድንጋይ ባትሪ ነው። ይሄን ሳስብ ሁሌ ያስቀኛል።

እና ለምን ዲሲ-3? በአባቴ ምክንያት ነው። አባባ የአውሮፕላን መካኒክ ነበሩ። አየር መንገዳችን መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ያደረገው በዚሁ አውሮፕላን ነው፤ በጦር ስሙ ሲ-47 በሚባለው። አባባ የደረሱበት ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው። ጄት ገብቶም ቢሆን፣ ይሄ ባለ ፕሮፔለር ሽማግሌ አገር ቤት ሣር ሜዳ ላይ እያረፈ ይመላለስ ነበር። ልጅ ሆኜ አባባ ማታ ሲገቡ የሚሸቱት ሽታ የሱ ዘይት ሽታ ነበር። እና ለፋሲካ ሠርቼ ላስደንቃቸው አሰብኩ። በድብቅ።

ካርቶኑን ያመጣልኝ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ወንድሜ ነው። ማጣበቂያውንና ቀለሙን ግን አላመጣም። ተቀጣጣይ ነገር ሻንጣ ውስጥ ይዞ መብረር ክልክል ነው። እዚህ ላይ ስለ ማጣበቂያው ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው በማስቲሽ የሚሠራ ይመስለዋል። አይደለም። የሞዴል ማጣበቂያ እንደ ውኃ የቀጠነ ነው። ሁለቱን ፕላስቲክ አጋጥማችሁ ትይዙና በትንሿ ብሩሽ ስንጥቁን ጫፉ ላይ ብቻ ነካ ታደርጉታላችሁ። ፈሳሹ በራሱ ስንጥቁን ተከትሎ ሽው ብሎ ይሄዳል። ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል። ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። መበየድ በሉት። የመጀመሪያ ሞዴሌን ስሠራ ይሄን ሰምቼ "ማቅለጥ ከሆነማ" ብዬ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን ተጠቀምኩ። ክንፉ ፀሐይ ላይ እንደተረሳ ጧፍ ተልመጠመጠ። ዓይኔ እያየ።

አሁን ብልህ ሆኛለሁ። ማጣበቂያው እስኪያልቅ እቆጥባለሁ። የቀረውን ከሠፈር አሟላለሁ። ብርጭቆ ወረቀት ከቀለም ቤት፣ ባለ 400 እና ባለ 1000። ወረንጦ ከሱቅ። መያዣ የልብስ መቆንጠጫ። አንቴና ስፈልግ ከካርቶኑ የተረፈውን የፕላስቲክ ዘንግ በጧፍ አሞቀውና ሲለሰልስ ቀስ ብዬ እስበዋለሁ። እንደ ፀጉር ቀጥኖ ይወጣል። ይሄኛው ዘዴ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ ፈረንጆቹ በሻማ ነው የሚያደርጉት። የኔው ግን የቤተ ክርስቲያን ሽታ አለው።

እና ተያያዝኩት። ሁለቱን የገላ ግማሾች ገጠምኩ። መጋጠሚያው ላይ መስመር ይቀራል። በዚህ ትርፍ ጊዜ ሥራ ውስጥ አንደኛው ሕግ እሱ ነው፣ መስመር መታየት የለበትም። ስቱኮ ትሞላላችሁ፣ ትሞርዳላችሁ፣ በጣታችሁ ትዳስሳላችሁ፣ እንደገና ትሞርዳላችሁ። ዓይን ያልያዘውን ጣት ይይዘዋል። ሁለተኛው ልማድ ደግሞ የቆርቆሮዎቹን መገናኛ ማጉላት ነው። ፕላስቲኩ ላይ ቀጫጭን ቦይ ተቀርጿል። የቀጠነ ጥቁር ቀለም ታፈሱበታላችሁ፣ ቦዩን ይዞ ይቀራል፣ የተረፈውን በጥጥ ትጠርጋላችሁ። ሦስተኛው ማቆሸሽ ነው። ዌዘሪንግ ይሉታል። ጭስ፣ ጭቃ፣ የተላጠ ቀለም። ንጹሕ ሞዴል መጫወቻ ይመስላል፤ የቆሸሸው ግን የኖረ ይመስላል። ልማዱ እንዲህ ነው። እኔም አመንኩ።

ቀለሙን በኤርብራሽ፣ ቀለም በአየር ግፊት በሚነፋው መሣሪያ፣ ብር አደረግሁት። በመሀል መብራት ጠፋ። ኮምፕረሰሩ ዝም አለ፣ ግራ ክንፌ ግማሹ ብር ግማሹ ግራጫ ሆኖ አደረ። እሱን እንለፈው። ጅራቱ ላይ የሚለጠፈውን አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ በቤት ፕሪንተር በዲካል ወረቀት፣ ውኃ ነክረው በሚለጥፉት፣ አተምኩት። መጀመሪያ ያተምኩት ብርሃን የሚያሳልፍ ወረቀት ላይ ነበር። ብሩ ላይ ስለጥፈው ቢጫው የለም፤ የታመመ ሰው ዓይን መሰለ። ፕሪንተር ነጭ ቀለም የለውም፣ ከሥር ያለውን አይሸፍንም። ነጭ ወረቀት ላይ ደግሜ አተምኩ፣ ውኃ ሲነካው እንዳይለቅ ቫርኒሽ ነፋሁበት፣ ጠርዝ ጠርዙን በምላጭ ቆረጥኩት። ያማረ ሆነ። ከሞተሮቹ ኋላ ጥቁር ጭስ ሳብኩ። ሆዱን ጭቃ አስመሰልኩ። ፎቶ አንስቼ ለወንድሜ ላክሁ። አበደ።

የፋሲካ ዕለት ከምሳ በኋላ አውጥቼ ፊታቸው አስቀመጥኩት።

አባባ መነጽራቸውን አደረጉ። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። እኔ እንባ ጠብቄያለሁ፣ ልዋሻችሁ አልችልም።

"ይሄ ጥቁር ጥቁሩ ምንድን ነው?" አሉ።

"ቆሻሻ ነው አባባ። ሥራ ላይ የዋለ እንዲመስል ነው።"

"ማነው ያቆሸሸው?"

"እኔ ነኛ።"

"እኛ እንዲህ አድርገን ለመንገደኛ አናወጣም።"

በቃ። ይሄ የመጀመሪያው ነው። ቀጥለው በጥፍራቸው ያንን የምኮራበትን ጥቁር ቦይ ተከተሉ። "ይሄ ክፍተት በስንት ይባዛል?" አሉ። በ72 አልኳቸው። ዓይናቸውን ወደ ጣሪያ አንስተው አሰሉ። እኔም በኋላ አስልቼዋለሁ፤ 0.3 ሚሊሜትር ቦይ እውነተኛው ላይ ከሁለት ሴንቲሜትር ያልፋል። "ጣቴ ይገባል እኮ" አሉ። "ነፋስ ገብቶ ቆርቆሮውን ይገነጥለዋል።"

እናቴ "ተው እንጂ፣ ልጅቷ ለፍታ" አለች። አልሰሙም። እሳቸው ሥራ ላይ ናቸው። ክንፉን ከሥሩ ወደ ጫፍ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ከሞተሩ አለፍ ብሎ አንድ ቦታ ላይ ጣታቸው ቆመ። ተመለሰ። እንደገና ሄደ።

"ክንፉን በምን አሰርሽው?"

"በማጣበቂያ።"

"እሱን አይደለም የምልሽ። የውጪው ክንፍ እዚህ ጋ ነው የሚፈታው። ዙሪያውን በብሎን ነው የሚታሰረው። ብሎኖቹ ላይ መሸፈኛ አለ፣ ከፍ ያለ ጥብጣብ። የታል?"

ወገኖቼ፣ ጥብጣቡ ነበረ። ካርቶኑ ውስጥ ከክንፉ ጋር አብሮ የተቀረጸ ቀጭን ከፍ ያለ መስመር ነበረ። እኔ የፋብሪካ ትርፍ መስሎኝ ነበር። መስመር መታየት የለበትም አይደል ሕጉ? ሁለት ማታ ሙሉ በባለ 400 ሞርጄ አጠፋሁት። ግራውንም ቀኙንም። እንዳይታወቅ አድርጌ። እሳቸው ስንት ጊዜ ተንጋለው ብሎኑን አንድ በአንድ የፈተሹትን ቦታ እኔ ለስላሳ አደረግሁት።

ያን ማታ አውሮፕላኑን ወደ ካርቶኑ መለስኩት። ካርቶኑን ቁም ሣጥን ላይ ሰቀልኩት። ሦስት ወር።

እውነቱን ለመናገር የተናደድኩት በሳቸው አይደለም። ቆይቶ ነው የገባኝ። እኔ ስሠራ የነበረው ዲሲ-3 አይደለም። ሌሎች ሰዎች የሠሩትን ዲሲ-3 ሞዴል ነበር የምሠራው። ቦዩን ያጠቆርኩት ሌላው ስለሚያጠቁር ነው። ጭሱን የሳብኩት ፎቶ ላይ ስለሚያምር ነው። ልማዱ ውሸት ነው እያልኩ አይደለም። ትንሽ ነገር ላይ ጥላ በራሱ አይወድቅም፣ መሳል አለበት። እስከዛሬም ቦይ አጠቁራለሁ። ግን መቼ እያጋነንኩ እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው ከጎኔ ተቀምጦ ቡና እየጠጣ፣ እኔ ከሱ ተደብቄ ከኢንተርኔት እጠይቅ ነበር።

ሐምሌ ላይ አወረድኩት። ዝናብ ነበር። ሳሎን ጋዜጣ አነጠፍኩና "አባባ፣ ጥብጣቡ ስንት ጣት ይሰፋ ነበር?" አልኳቸው። ወንበራቸውን ጎትተው መጡ።

ከዚያ በኋላ ያለው አራት ማታ ነው። ቀጭን የመሸፈኛ ፕላስተር ቆርጠን ጥብጣቡን መለስነው። ቀጥለው ጅራቱን አሳዩኝ። "ይሄ ለምን እንደ ሆዱ ይብረቀረቃል? ይሄ እኮ ጨርቅ ነው።" እኔ አላውቅም ነበር። የዲሲ-3 ገላ አሉሚኒየም ነው፤ ጅራቱ ላይ የሚንቀሳቀሱት ክፍሎችና ክንፉ ጫፍ ያሉት ኤለሮኖች፣ አውሮፕላኑን ወደ ጎን የሚያዘነብሉት፣ ግን በጨርቅ የተለበጡ ናቸው። ጨርቁ ይወጠራል፣ ማጠንከሪያ ይቀባል፣ ብር ቀለም ይነፋበታል። ብሩ ብር ነው፣ ግን የሞተ ብር ነው። ሁለት ዓይነት ብር በጠብታ ግራጫ ለይቼ ደግሜ ነፋሁ። ልዩነቱ ለናንተ ላይታያችሁ ይችላል። ለኔ አሁን ከሱ በቀር የሚታየኝ ነገር የለም።

ጭቃውን አጠብነው። ሞተሮቹ ጋ ስንደርስ ጥጡን ይዤ ላጸዳ ስል እጄን ያዙኝ። "እሱን ተዪው" አሉ። "ዘይት ካልታየማ ውስጡ ዘይት የለም ማለት ነው።" ሳቁ። የድሮ መካኒኮች ቀልድ ናት። የኔ ጭስ ግን ቦታው ልክ አልነበረም። ዘይቱ ከሞተሩ ክዳን ኋላ በየትኛው በኩል ወርዶ፣ በነፋስ ተስቦ የት ጋ እንደሚሳሳ በጥርስ መፋቂያ ጫፍ አሳዩኝ። ቡናማ እንጂ ጥቁር አይደለም።

ከዚያ ፕሮፔለሩን በጣታቸው ነካ አደረጉት። ዞረ። ፕሮፔለሩን አላጣበቅሁትም ነበር፣ ሰክቼ ብቻ ነው የተውኩት። አባባ አንድ ክንፉን ገፉ፣ ቀጥሎ ሌላውን፣ ቀጥሎ ሌላውን። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። እየቆጠሩ ነው። ሞተሩ 14 ሲሊንደር አለው፣ ክብ ሆኖ የተደረደረ። ቆሞ ሲያድር ዘይት ወደ ታችኞቹ ይወርዳል። ሳይወጣ ቢነሳ ሞተሩን ይሰብረዋል። ስለዚህ ጠዋት ከመነሳቱ በፊት ፕሮፔለሩ በእጅ ይዞራል። አባባ 1/72ቱን ሞተር በአንድ ጣት ለበረራ እያዘጋጁት ነበር።

አሁን መደርደሪያው ላይ ነው፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ። ትናንት አቧራ ልጠርግ ስል ከእያንዳንዱ ሞተር ሥር አንዳንድ ቆርኪ ተቀምጦ አገኘሁ። የአምቦ ውኃ ቆርኪ፣ የተገለበጠ።

"አባባ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"የዘይት መቀበያ። ወለሉን እንዳያበላሽ።"

በልቤ አሰላሁት። አንዱ ቆርኪ በ72 ሲባዛ ከሁለት ሜትር በላይ ይሆናል። የልጆች መዋኛ ገንዳ በሉት። ምንም አላልኩም። አቧራውን በቆርኪዎቹ ዙሪያ ጠረግሁ።