ለአጭበርባሪ ኢሜይል መልስ ቢሰጡስ? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

የዛሬው የጥያቄና መልስ ጊዜያችን የሚያተኩረው፣ ገንዘብ ሊወስዱብን በኢሜይል የሚጽፉልንን ሰዎች መልሶ በማታለል ላይ ነው። በእንግሊዝኛ «ስካምቤይቲንግ» የሚባለው ይህ ጨዋታ፣ የተታለሉ መስሎ እየጻፉ የአጭበርባሪውን ጊዜ መብላት ነው። ደውላችሁ ያነሣችኋቸውን ጥያቄዎች አሳጥረን ከመልሶቻቸው ጋር አቅርበናል።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ «ባለቤቴ ሞቶብኛል፤ በባንክ የተወውን 10 ሚሊዮን ዶላር ለበጎ አድራጎት እንዲያውሉልኝ እርስዎን መረጥኩ» የሚል ኢሜይል ደጋግሞ ይደርሰኛል። መልስ እየሰጠሁ ብቀልድባቸው በእርግጥ የሚጎዳቸው ነገር አለ?

መልስ፦ አለ፤ የሚጎዱት ግን በገንዘብ ሳይሆን በጊዜ ነው። ዘዴው ከኢንተርኔት በፊት የነበረ ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን «የስፔኑ እስረኛ» በሚባለው ማጭበርበር፣ አንድ የታሰረ ባለጸጋ ለማስፈቻው ጥቂት ገንዘብ ቢላክለት ወሮታውን አብዝቶ እንደሚከፍል የሚገልጹ ደብዳቤዎች ይላኩ ነበር። ስሙን ከናይጄሪያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ የወሰደው የዛሬው «419» የተባለው የኢሜይል ማጭበርበር የዚያው ቀጣይ ነው። የማይክሮሶፍት ተመራማሪው ኮርማክ ኸርሊ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጽሑፍ፣ አጭበርባሪዎች ታሪካቸውን ለማመን በሚያስቸግር መልክ የሚጽፉት ለምን እንደሆነ ጠይቀው ነበር። የደረሱበት መልስ እንዲህ ነው፦ መልእክቱን ለብዙ ሺህ ሰዎች መላክ ከቁጥር የሚገባ ወጪ የለውም፤ እውነተኛው ወጪ የሚጀምረው አንድ ሰው መልስ ሰጥቶ ለቀናት ወይም ለሳምንታት ከእርሱ ጋር መጻጻፍ ሲያስፈልግ ነው፤ ስለዚህ ተጠራጣሪው ገና ከጅምሩ ስቆ እንዲተወውና የዋሁ ብቻ እንዲቀር ታሪኩ የማይመስል ሆኖ ይዘጋጃል። እርስዎ አምነው እንደሆነ አስመስለው ሲጽፉለት ይህን ወንፊቱን ይቀዱበታል። ከመልስ ሰጪዎቹ አብዛኞቹ ቀልደኞች ቢሆኑበት ሥራው ላያዋጣው ይችላል።

ጥያቄ (ከጎንደር)፦ «ዲቪ ደርሶሃል፣ የቪዛውን ክፍያ በሐዋላ ላክ» የሚል ኢሜይል መጣልኝ። ውሸት መሆኑን ስላወቅሁ ልጫወትበት አሰብኩ። ራሴን ለአደጋ ሳላጋልጥ እንዴት ላድርገው?

መልስ፦ ውሸት መሆኑን በትክክል ተረድተዋል። የዲቪ ውጤት የሚታወቀው አመልካቹ ራሱ የማረጋገጫ ቁጥሩን ይዞ በአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ሲመለከት ነው፤ መሥሪያ ቤቱ «ደርሶሃል» ብሎ በኢሜይል አያበሥርም፣ በሐዋላ ላኩልኝም አይልም። ነገር ግን ለጨዋታ ይህኛውን ባይመርጡት እመክራለሁ። ዲቪ ሞልተው ከሆነ፣ ቅጹን ከሞላልዎት ሰው እጅ ስምዎ፣ የትውልድ ቀንዎና ፎቶግራፍዎ ወጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ከሚያውቅዎት ሰው ጋር ደግሞ የማያውቁትን መስሎ መጫወት አይቻልም። «ውድ ወዳጄ» ብሎ የሚጀምረውን፣ ስምዎን እንኳ የማያውቀውን ይምረጡ።

ከዚያ በኋላ ለዚሁ ብቻ የሚውል፣ ከስልክዎም ከሌላ አካውንትዎም ጋር ያልተያያዘ አዲስ የኢሜይል አድራሻ ይክፈቱ፤ የመጣልዎትን መልእክት ከዋናው አድራሻ አያስተላልፉ፣ በአዲሱ ራሱን የቻለ ደብዳቤ ይጻፉ እንጂ። የላኩልዎትን ሊንክ አይንኩ፣ አባሪ ፋይል አይክፈቱ፣ በመልእክቱ ውስጥ ያሉ ምስሎችም በራሳቸው እንዳይከፈቱ ቅንብሩን ይዝጉ፤ ለዓይን የማትታይ አንዲት ነጥብ የምታህል ምስል እንኳ መልእክቱን መክፈትዎንና አንዳንዴም ያሉበትን አካባቢ ለላኪው ልትነግር ትችላለች። የሚሰጡት ስም፣ ሥራና ከተማ የፈጠራ ይሁን፤ የሌላ እውነተኛ ሰው ስልክ ወይም የባንክ ሂሳብ ቁጥር ግን በፍጹም አይስጡ። ልምድ ብቻውን ዋስትና እንዳልሆነ ለማወቅ ጂም ብራውኒንግ በሚል የብዕር ስም የሚታወቀውን ዩቲዩበር ማስታወስ ይበቃል፤ አጭበርባሪዎችን በማጋለጥ የታወቀው ይህ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የዩቲዩብ ሠራተኛ መስሎ ባነጋገረው አታላይ ተሸውዶ የገዛ ቻናሉን ሰርዟል፤ በኋላ ተመልሶለታል።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ እሺ፣ ምን ብዬ ልጻፍለት? ሁለት ጊዜ መልስ ሰጥቼ ጠፋብኝ።

መልስ፦ ምናልባት ቀልድዎ ቶሎ ታውቆብዎት ይሆናል። በዚህ ጨዋታ የሚያሸንፈው የሚያስቀው ሳይሆን የሚያሰለቸው ነው። ገንዘቡን ለመላክ ፈቃደኛ ይሁኑ፣ ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጉደል፦ ባንኩ በበዓል ምክንያት ዝግ ነበር፤ የላከልዎት ስም ፊደሉ ከመታወቂያው ጋር አልተመሳሰለም፤ የነፍስ አባትዎ ሳይመርቁ ገንዘብ አያወጡም፤ እርሳቸው ደግሞ ገዳም ወርደዋል። ጥያቄውን በጥያቄ ይመልሱ፣ የሰጠዎትን መመሪያ በግማሽ ብቻ ይፈጽሙ። ከዚህም የሄዱ አሉ። ከ2003 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚታወቀውን «419 ኢተር» የተባለ ድረ ገጽ የመሠረተው እንግሊዛዊ፣ የጥበብ ሥራ የሚገዛ ባለሀብት መስሎ አንዱን አጭበርባሪ የጥንቱን ኮሞዶር 64 ኮምፒውተር ቁልፍ ሰሌዳ ከእንጨት አስቀርጾታል። የተቀረጸው ዕቃ ደርሶታል፤ ክፍያው አልሄደም። እኔ እንደዚህ ዓይነቱን ትጋት ባደንቅም ለጀማሪ አልመክርም፤ ዕቃ የሚላክበት አድራሻ መስጠት ያስፈልጋልና።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ ይህን በእኔ ፈንታ የሚሠራ ማሽን የለም?

መልስ፦ ተሞክሯል። የኒውዚላንዱ ኔትሴፍ የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 የተላለፈለትን የማጭበርበሪያ ኢሜይል እየተቀበለ ራሱ መልስ የሚጽፍ ፕሮግራም አውጥቶ ነበር። የእንግሊዙ የቴሌኮም ኩባንያ ኦቱ ደግሞ በ2024 «ዴዚ» የተባለች፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የምትናገር አሮጊት ፈጥሮ ስለ ሹራብ ሥራና ስለ ድመቷ እያወራች አጭበርባሪዎችን በስልክ እንድታቆይ አድርጓል።

ጥያቄ (ከዱባይ)፦ በታይላንድ ሥራ ታገኛላችሁ ተብለው የሄዱ ወጣቶቻችን ማይናማር ውስጥ ታግተው በግዳጅ ሰው እንዲያጭበረብሩ መደረጋቸውን ሰምቻለሁ። ታዲያ በዚያኛው ጫፍ ያለው የእኛው ልጅ ቢሆንስ?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፣ እህቴ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ጽሕፈት ቤት በነሐሴ 2023 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ሪፖርት፣ ቢያንስ 120,000 ሰዎች በማይናማር፣ 100,000 ያህል ደግሞ በካምቦዲያ በግዳጅ በኢንተርኔት ማጭበርበር ላይ ተሰማርተው ሊሆን እንደሚችል ገምቷል። በየካቲት ወር 2025 አንድ የማይናማር ታጣቂ ቡድን ለታይላንድ ካስረከባቸው 260 ሰዎች መካከል ከ130 የሚበልጡት ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ሰዎች ታግተው እንዲያጭበረብሩ በሚገደዱባቸው ግቢዎች የተመደበለትን የገንዘብ መጠን ያላመጣ ሰው ይደበደባል፤ ስለዚህ እርስዎ የሚያባክኑት ጊዜ የአለቃው ሳይሆን የታጋቹ ሊሆን ይችላል።

በፈቃዱና በግዳጅ የሚያጭበረብረውን ግን በመጠኑ መለየት ይቻላል። ስለ ውርስና ስለ ሎተሪ ረጅም ኢሜይል የሚጽፈው አብዛኛውን ጊዜ በፈቃዱ የተሰማራ ሰው ነው። በዋትሳፕ ወይም በቴሌግራም «ይቅርታ፣ ቁጥር ተሳስቼ ነው» ብሎ ጀምሮ፣ ወዳጅነት አጥብቆ፣ በመጨረሻ ወደ ክሪፕቶ ኢንቨስትመንት የሚወስደው መልእክት ግን የነዚያ ግቢዎች ዋነኛ ሥራ ነው። በዚህ ዓይነቱ አይጫወቱበት፤ ሪፖርት አድርገው ይዝጉት። በፈቃዱ ከሚያጭበረብረው ጋር ሲሆንም ወሰን አለው፦ አንዳንዶች «ገንዘቡን መጥተህ ውሰድ» ብለው ሰውየውን ድንበር አሻግረው ወደ አደገኛ ስፍራ ይልካሉ፣ ወይም የሚያዋርድ ጽሑፍ አስይዘው ፎቶ ያስነሡታል። ያ ጊዜ ማባከን አይደለም፤ ጭካኔ ነው።

ጥያቄ (ከመቀሌ)፦ ኮምፒውተሩ ውስጥ ገብቼ ፋይሉን ባጠፋበትስ?

መልስ፦ አይቻልም። በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 መሠረት ያለ ፈቃድ የሰው ኮምፒውተር ውስጥ መግባት ወንጀል ነው፤ ባለቤቱ አጭበርባሪ መሆኑ እርስዎን ነጻ አያወጣዎትም።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦ ከአንዱ ጋር ሦስት ወር ተጻጽፌ የፓስፖርቱን ቅጂና ፎቶውን ልኮልኛል። በቲክቶክ ለጥፌ ላጋልጠው?

መልስ፦ እባክዎ አይለጥፉት። አጭበርባሪ እምነት ለማግኘት የሚልከው ፓስፖርት አብዛኛውን ጊዜ ወይ በኮምፒውተር የተሠራ ነው፣ ወይም ከዚህ ቀደም ከተታለለ ሰው የተወሰደ ነው፤ ፎቶውም ቢሆን ብዙ ጊዜ ከማያውቀው ሰው ፌስቡክ የተነሣ ነው። የሚያጋልጡት ምናልባት ገንዘቡንም ስሙንም የተዘረፈውን ሰው ይሆናል። መጻጻፉን፣ ገንዘብ እንዲልኩበት የሰጠዎትን የሂሳብ ቁጥርና ፓስፖርቱን አንድ ላይ አድርገው ለኤፍቢአይ የኢንተርኔት ወንጀል አቤቱታ ማዕከል ያስገቡ፤ ለባንኩም የሂሳብ ቁጥሩን ያሳውቁ፤ ሂሳቡ ከታገደ አጭበርባሪው ከሌሎች ሊቀበልበት የነበረው መንገድ ይዘጋበታል። ቲክቶክ ላይ የግድ የሚያወሩ ከሆነ፣ ስለ ነፍስ አባትዎ የጻፉለትን ያንብቡልን።