ሰዋስው ለተማሪዎቻችን እንግዳ አይደለም

ውድ የእንግሊዝኛ መምህራን፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

ዛሬ የመጣሁት አንድ ነገር ልለምናችሁ ነው። የእንግሊዝኛ ሰዋስው ስታስተምሩ፣ ተማሪው በአፍ መፍቻ ቋንቋው የሚያውቀውን ሰዋስው ደጅ አታስቀሩት።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን አድርጓል። እንግሊዝኛው ያልገባው ልጅ ባዮሎጂውም ታሪኩም አብሮ ያመልጠዋል። የእኛ ክፍለ ጊዜ ብዙ ነገር ተሸክሟል።

እኛስ? ሰሌዳው ላይ «ሰብጀክት ፕላስ ቨርብ ፕላስ ኦብጀክት» ብለን እንጽፋለን። ልጁ ይገለብጣል፣ ይሸመድዳል፣ ምርጫ ሲመጣ ትክክለኛዋን ያከብባል። አንድ አንቀጽ ጻፍ ሲባል ግን እስክሪብቶው አልሄድ ይለዋል።

እስቲ «ኢዝ ሬይኒንግ» ብሎ የጻፈ ተማሪ አስቡ። በቀይ እናሰምርበትና እናልፋለን። ስህተቱ ግን ከስንፍና አልመጣም። በአማርኛ «እየዘነበ ነው» ካልን በቃ፣ ሌላ ባለቤት አንጠራም። «እሄዳለሁ፣ ትሄጃለሽ፣ ይሄዳሉ» ስንል ማን እንደሚሄድ ግሱ ራሱ ይናገራል። በእንግሊዝኛ ግን «አይ ጎው፣ ዩ ጎው፣ ዊ ጎው፣ ዘይ ጎው» እያለ ግሱ አይለወጥም። «ሂ ጎውዝ» ላይ ብቻ አንዲት «ኤስ» ትመጣለች። ግሱ ስለማይናገር ባለቤቱ በግልጽ መጠራት አለበት። ለዚህ ነው ዝናቡም «ኢት» የሚያስፈልገው። ይህን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ብታሳዩት ልጁ ምክንያቱ ይገባዋል። ምክንያቱ የገባውን ነገር ደግሞ ቶሎ አይረሳም።

የቃላት አመሠራረትም እንዲሁ ነው። «ደግ» ላይ «ነት» ሲጨመር «ደግነት» እንደሚሆን ለልጁ ማንም አላስተማረውም፣ ያውቀዋል። «ካይንድ» ላይ «ነስ» ሲጨመር «ካይንድነስ» ይሆናል። «ደካማ» «ደካማነት»፣ «ዊክ» «ዊክነስ»። የማይገጥሙበትንም አሳዩት። «ሰበረ» ላይ «ተ» ብቻ ጨምረን «ተሰበረ» እንላለን። እንግሊዝኛ ለዚሁ «ወዝ ብሮከን» ብሎ ሁለት ቃል ይፈልጋል። በቀመር የሸመደድናት ያቺ አስፈሪ ፓሲቭ ቮይስ ይቺው ናት።

«በእንግሊዝኛ ክፍል አማርኛ ከገባ ልጆቹ መቼ ይለምዳሉ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ስጋታችሁ ተገቢ ነው። ክፍለ ጊዜው በእንግሊዝኛ ይሁን፣ ልጆቹም አፋቸውን ይፍቱበት። እኔ የምለው ለማነጻጸር ስለሚበቃ ጥቂት ደቂቃ ነው። ክፍላችሁ ውስጥ አፍ መፍቻው አማርኛ ያልሆነ ልጅ ካለም በራሱ ቋንቋ ይሞክረው። ኦሮምኛም፣ ትግርኛም፣ ሲዳምኛም፣ ወላይትኛም በተለምዶ ግሱን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጡት። «ልጁ ውሃ ጠጣ» የሚለው «ዘ ቦይ ድራንክ ዋተር» ሲሆን ግሱ ለምን ወደ መሃል እንደገባ ሁሉም ልጅ ከየቤቱ ቋንቋ ተነስቶ ማየት ይችላል። መምህሩ ቋንቋውን ባይችለው እንኳ ልጁ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ ያስረዳዋል። ያን ቀን ልጁ ራሱ አስተማሪ ይሆናል።

እንግዲህ ሰኞ ክፍል ስትገቡ ሰሌዳውን ለሁለት ክፈሉት። በአንድ በኩል የልጆቹን ዓረፍተ ነገር በራሳቸው ቋንቋ፣ በሌላው በኩል በእንግሊዝኛ ጻፉ። ምን ተለወጠ ብላችሁ ጠይቁ፣ እነሱ ያግኙት። በሚቀጥለው ስብሰባችን የተማሪዎቻችሁን ደብተር ይዛችሁ ኑ፣ በተለይ ስህተት የበዛበትን። አብረን እናየዋለን።

አመሰግናለሁ።